የራስጌው ብሎኬት

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። መብራት ከጠፋ ቆይቷል። አልጋዬን ግቢ ካወጣሁት ዛሬ ሦስተኛ ሌሊቴ ነው፤ በሰኔ ድሬ ላይ ቤት ውስጥ መተኛት የሚታሰብ አይደለም። የቀሰቀሰኝ ግን ሙቀቱ ሳይሆን ቃር ነው። ከደረቴ ሥር ተነስቶ ጉሮሮዬ ድረስ እየነደደ፣ አፌን አኮምጥጦኝ፣ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው።

ቀኑን ሙሉ ከፍቶኝ ነው የዋልኩት። ምክንያቱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ይሄ ወር ሲገባ እንዲህ ነኝ። ብቻዬን ወጥ ማሞቅ አስጠላኝና ከቀፊራ ገበያ ስመለስ ሳምቡሳ ገዛሁ። አራቱንም ከነቃሪያው ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ በላሁ፣ በላዩ ሻይ በናና ጠጣሁ፣ ወዲያው ጋደም አልኩ። ከዚራ ሰፈር ያለችው ፋርማሲስት ባለፈው ሳምንት ከመከረችኝ ውስጥ አንዱንም አላደረግኩም።

ልጅቷ መድኃኒቱን ሸጣ ብቻ መሸኘት ስትችል ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ፤ እግዜር ይስጣት። ምግብ የሚወርድበት ቧንቧ ከጨጓራ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ በር የሚዘጋ ጡንቻ አለ አለችኝ። እሱ ሲላላ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል። ቅባት፣ ቡና፣ ቸኮሌት፣ ሲጋራ ያላሉታል። ናናም ጭምር! እኛ ቤት ሆድ በተነፋ ቁጥር ናና ነበር የሚፈላው። ወተት ለጊዜው ያበርዳል፣ ግን ቆይቶ ሊያስነሳው ይችላል። ሶዳ በውሃም ያስታግሳል፤ ሶዲየም ስላለው ግን የደም ግፊት ላለበት ሰው አይሆንም፣ የየቀን ነገርም አይደለም። ከምግብ በኋላ ማስቲካ ማኘክ ደህና ነው፣ ምራቁ አሲዱን ያጥበዋል። በራትና በመኝታ መካከል 3 ሰዓት ያህል ይለፍ። «መዋጥ ካስቸገረሽ፣ ሳታስቢው ከከሳሽ፣ ሰገራሽ ከጠቆረ፣ ወይ ሕመሙ ወደ ክንድሽ ሄዶ ካላበሽ ግን እኔ ጋ አትምጪ፣ ቀጥታ ሆስፒታል ሂጂ» አለችኝ። ይሄን ስትል ድምጿ ተለወጠ።

ሁለት ነገር ደግሞ ደጋገመችብኝ። አንደኛው በግራ ጎን መተኛት ነው፤ በግራ ሲተኙ ጨጓራው ከቧንቧው አፍ ዝቅ ስለሚል አሲዱ እዚያው ይቀራል። በቀኝ ከሆነ ይብሳል። ሁለተኛው ራስጌውን ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ማድረግ ነው። ትራስ መደራረብ አይሆንም፣ ከወገብ አጥፎ ሆድን ይጫናል። ከአልጋው እግር ሥር ነው የሚገባው።

ስለዚህ ተነስቼ በስልኬ መብራት ግቢውን ዞርኩ። ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ሁለት ባለ 15 ብሎኬት አገኘሁ። አንዱን አጋድሜ አልጋውን ላነሳ ጎንበስ እንዳልኩ እጄ ቆመ። ይሄን ነገር አይቼዋለሁ።

የእማ አልጋ።

እኛ ለጎርፍ ነው ብለን ነበር። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ከወሰደ በኋላ፣ በሰፈራችን ዕቃውን ከመሬት ያላነሳ ቤት አልነበረም። የዱቄቱ በርሜልም ሳጥኑም ድንጋይ ላይ ወጣ። የእማንም ብሎኬት ከዚያው ቆጠርነው። ለጎርፍ ቢሆን ግን አራቱንም እግር ታነሳ ነበር። የግርጌዎቹ መሬት ላይ ነበሩ። እኔና ማሙሽ ጠዋት ጠዋት ተንሸራተን ግርጌ ነበር የምንገኘው።

ከዚያ ሌላው ሁሉ ተከታትሎ መጣ። ራቷን ፀሐይ ሳትጠልቅ መብላቷ። እኛን አስተኝታ ደጃፉ ላይ፣ ዱካዋ ላይ ቀጥ ብላ መቀመጧ፤ የሚመጣ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር። ምሳ እንደበላች መቀነቷን ፈትታ ትከሻዋ ላይ ጣል ማድረጓ፤ ከሙቀቱ ነው እንል ነበር እንጂ ሆድን የሚያስር ነገር አሲዱን ወደ ላይ እንደሚገፋው መች አወቅን። አንድም ቀን «ቃር አለብኝ» ስትል ሰምቻት አላውቅም።

ከሁሉም ግን አተኛኘቷ። ሦስታችን በአንድ አልጋ ነበርን፤ ማሙሽ በግድግዳው በኩል፣ እማ መሀል፣ እኔ ጠርዝ ላይ። ሌሊቱን ሙሉ ወደ ግድግዳው ዞራ ነበር የምትተኛው። ፊቷ የእሱ፣ ጀርባዋ የእኔ። የቀሚሷን አበባ በጣቴ እየቆጠርኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ተቀይሜያታለሁ። አድጌም፣ እሷ ሳታውቀው፣ ቂሙን ይዤው ኖሬያለሁ።

ከጎርፉ በኋላ ግድግዳው እርጥበት ስለያዘ አልጋው ወደ ማዶው ግድግዳ ተዛወረ። ማሙሽ አሁንም በግድግዳው በኩል፣ እኔም አሁንም ጠርዝ ላይ። እማ ግን ዞረች። ትንፋሿ ግንባሬ ላይ ያርፍ ጀመር። የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያ ጎርፍ የሰውን እናት ሲወስድ የእኔን እንደሰጠኝ ነው የቆጠርኩት። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ነውር ይመስለኝ ነበር።

አሁን ብሎኬቱ ላይ ተቀምጬ አልጋውን በሐሳቤ እያዞርኩ አሰላሁት። መጀመሪያ ግድግዳው በግራዋ ነበር። ሲዛወር በግራዋ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ለማሙሽ ልደውል ብዬ ስልኩን አንስቼ መለስኩት። እሱም ዛሬ ዛሬ ቃር አያስተኛውም፤ ጫቱ ጨጓራው ምግቡን ቶሎ እንዳይለቅ ያዘገይበታል፣ በላዩ ደግሞ ኮካ ነው። ቢነሳልኝስ ምን እለዋለሁ? ፊቷ ከእሱ ሲዞር 4 ዓመቱ ነበር። ምን ተሰምቶት እንደነበር አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ከስሌቱ አልገጥም አለኝ። ከጎርፉ በፊት፣ አልጋው ገና በድሮው ቦታ እያለ፣ ወባ ይዞኝ ነበር። ያን ሳምንት ወደ እኔ ዞራ ነበር የተኛችው። በቀኟ ማለት ነው። እጇ ግንባሬ ላይ ነበር። በየመሀሉ ቀና እያለች ውሃ ትጎነጫለች፣ ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች፣ ተመልሳ ወደ እኔ ትዞራለች። ለእኔ ተጨንቃ እንቅልፍ አጥታ ነው ብዬ ነበር።

ያን ሳምንት ስንት ሌሊት ተቃጥላ ይሆን?