የፎሶሊያው ቅሬታ

በሆቴል ግዥ ክፍል የሚሠራ ሰው ከወጥ ቤት የሚደርሰው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ሥጋው ስብ በዝቶበታል፣ ቲማቲሙ ላልቷል፣ ሽንኩርቱ አቆጥቁጧል ይላል። ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆቴል ስሠራ ግን ምንም እንከን ያልነበረው 20 ኪሎ ፎሶሊያ «ያረጀና ክር የበዛበት» ተብሎ ከነሣጥኑ ለአቅራቢው ተመልሶ ነበር፤ የዚያ ቅሬታ መነሻ የተገኘው በፎሶሊያው ሳይሆን በውኃው ነው።

የወጥ ቤቱ ሼፍ በዱባይ ሆቴሎች ለዓመታት ሠርቶ የተመለሰ፣ ሥራውን የሚወድ ባለሙያ ነበር። ለእያንዳንዱ ምግብ መጠኑና የማብሰያ ደቂቃው የተጻፈበት ካርድ አዘጋጅቶ ግድግዳው ላይ ለጥፏል። በዱባይ በቅቤና በአልሞንድ ይሠራው የነበረውን ፎሶሊያ ለረቡዕና ለዓርብ የፆም ቡፌ እንዲሆን በዘይትና በለውዝ ለውጦታል። ለውጡ በእኔ ግምት ብልህነት ነበረበት፤ አልሞንድ ከውጭ የሚገባ ውድ ዕቃ ሲሆን፣ ከምሥራቅ ሐረርጌ የሚመጣው የባቢሌ ለውዝ ግን መርካቶ ውስጥ እንደ ልብ ይገኛል። ከካርዱ ላይ ሳይለወጥ የቀረው የመቀቀያው ጊዜ ብቻ ነበር፦ «በሚፈላ ጨዋማ ውኃ 4 ደቂቃ»።

ረቡዕ ለስብሰባ ተካፋዮች የቀረበው ፎሶሊያ ጥሬ ጥሬ የሚልና ለጥርስ የሚያስቸግር ሆኖ፣ ከሳህኑ ላይ ለውዙ ብቻ እየተለቀመ ተመለሰ። ዓርብ ዕለት ደግሞ ነገሩ ባሰ። ረዳቶቹ ካርዱን እንደ ሕግ ያዩት ስለነበር ደቂቃ ለመጨመር አልደፈሩም፤ ይልቁንም ቶሎ ይብሰል ብለው ድስቱን ከደኑት፣ ሎሚውንም ጊዜ ለመቆጠብ ከመቀቀያው ውኃ ጋር አብረው ጨመሩት። ፎሶሊያው ጥንካሬው ሳይለቀው ቀለሙ ግን የወታደር ልብስ መስሎ ወጣ። በማግሥቱ የቅሬታው ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ፤ አዲስ የመጣው ሣጥንም ሳይራገፍ ተመለሰ።

ፎሶሊያውን ከመቂ አካባቢ የሚያመጣው አቅራቢ ስልክ ደውሎ ከልቡ አዘነ። ከተመለሰው ሣጥን ጥቂት ፍሬ አስቀርቼ ስለነበር ይዤው ወደ ወጥ ቤት ገባሁና ሁላችንም «እትዬ» ለምንላቸው አንጋፋ ባለሙያ አሳየኋቸው። እሳቸውም ከመሐሉ አንዱን አንስተው በሁለት ጣታቸው ሰበሩት፤ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«ያረጀ ፎሶሊያ ይታጠፋል እንጂ እንዲህ አይሰበርም፤ በውስጡ ያለው ፍሬም ከላይ አብጦ ይታይ ነበር» አሉ።

ሼፉ ቅር አላለውም። «እሺ እትዬ፣ ታዲያ 4 ደቂቃው ለምን አልበቃም?» ብሎ ጠየቃቸው።

«የደቂቃውን አንተ ታውቃለህ፤ እኔ ቀምሼ ነው የማወርደው።»

ሼፉ የሥጋ መለኪያውን ቴርሞሜትር አምጥቶ ተንተክትኮ በሚፈላው ውኃ ውስጥ ከተተው። 92 ዲግሪ አሳየ። መሣሪያው የተበላሸ ስለመሰለው በረዶ በበዛበት ውኃ ፈተነው፤ ዜሮ ላይ ቆመ። ደግሞ ወደሚፈላው ውኃ ቢመልሰውም ከ92 ንቅንቅ አላለም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ቴርሞሜትሩን ይጥለው ነበር፤ ሼፉ ግን ዝም ብሎ ካርዱን ማየት ጀመረ።

ምክንያቱ ያለንበት ከፍታ ነው። ዱባይ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላባታል፤ አዲስ አበባ ግን መሐሏ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል፣ ውኃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ቀድሞ ይፈላል፤ ሙቀቱ ስለሚያንስም ፎሶሊያው ለመብሰል ተጨማሪ ደቂቃ ይፈልጋል። ወደ ላይ በወጣን መጠን መፍያው በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ እሳቱን ማብዛት ውኃውን ቶሎ ያተንነዋል እንጂ አያሞቀውም፤ ተራ ክዳንም እንደዚያው ነው፤ ሙቀቱን ከፍ የሚያደርገው እንፋሎቱን አምቆ የሚይዝ የግፊት ድስት ብቻ ነው። በቤታችን ይህን ልብ የማንለው፣ የለመድነው ፎሶሊያ በካሮት ቁሌቱ ላይ ተከድኖ እስኪለሰልስ ድረስ ቀስ እያለ ስለሚበስልና አረንጓዴነቱን የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ ይመስለኛል።

የቀለሙ ጉዳይ ለብቻው መልስ ያስፈልገው ነበር። አረንጓዴ ቀለሙን የሚሰጠው ክሎሮፊል በመካከሉ ማግኒዥየም አለው፤ ሙቀትና አሲድ ሲረዝምበት ማግኒዥየሙን ያጣና ወደ ቡናማነት ይሄዳል። አትክልቱ ሲበስል ራሱም አሲድ ይለቃል፤ ድስቱ ክፍት ከሆነ የተወሰነው ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል፣ ከተከደነ ግን ተመልሶ ውኃው ውስጥ ይገባል። ሎሚ ሲታከልበትማ ምን ይጠበቃል? ከረዳቶቹ አንዱ ቤኪንግ ሶዳ እንጨምር ብሎ ነበር፤ ቀለሙን በእርግጥ ያቆየዋል፤ ነገር ግን ፎሶሊያውን ያላሽቀዋል፣ ቫይታሚኑንም ይጎዳል፤ ስለዚህ ሐሳቡ በሼፉም በእትዬም ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም።

ቀጥሎ በነበረው የፆም ቀን ፎሶሊያው በትልቅ ድስት፣ በብዙ ጨዋማ ውኃ፣ ያለ ክዳን ተቀቀለ። ውኃው መፍላቱን እንዳያቋርጥ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በትንሽ በትንሹ ተከፍሎ ይገባ ነበር። እትዬ ከ5ኛው ደቂቃ ጀምረው እያወጡ ይቀምሱ ነበር፤ «አሁን» ያሉት 7 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። ወዲያው በበረዶ ውኃ ተነክሮ ተጠነፈፈ፤ ቡፌው ሊከፈት ሲል በዘይት በተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት ላይ ገብቶ እስኪሞቅ ብቻ ተገላበጠ። ሎሚው ሳህን ላይ ከወጣ በኋላ ተጨመቀበት።

ለውዙን እትዬ ለማንም አልሰጡም። የተጨማደደውን፣ ቀለሙ የጠቆረውንና ሻጋታ የሚሸተውን ለቅመው ጣሉ፤ ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በመቁላት ተሟጦ ስለማይጠፋ ይህ ለቀማ የሚታለፍ ሥራ አይደለም። የቀረውን በዝግታ እሳት ምጣድ ላይ ቆልተው፣ ከምጣዱ ላይ ካወረዱት በኋላም በራሱ ሙቀት ማረሩን ስለሚቀጥል ትንሽ ቀደም ብለው አወረዱት፤ ገለባውን አሽተው በሰፌድ አበጠሩና በሙቀጫ ከፈል ከፈል አደረጉት። በቡፌው ድስት እንፋሎት እንዳይረጥብ ለውዙ በተለየ ሳህን ቀርቦ፣ የፈለገ እንዲነሰንስበት ሆነ። «ለውዝ» የሚል ጽሑፍም ከጎኑ ቆመ፤ ለውዝ የማይስማማው ሰው ጥቂት ቢቀምስ እንኳ ለሕይወቱ ሊያሰጋው ስለሚችል፣ ይህ ጽሑፍ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊኖር ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሼፉ ቅሬታውን መተዉን በጽሑፍ አሳወቀ። ከካርዱ ላይ «4 ደቂቃ» የሚለውን ሰርዞ «ከ5 ደቂቃ በኋላ እየተቀመሰ» ብሎ ጻፈበት፤ የፓስታውንና የእንቁላሉን ካርዶችም አወረዳቸው። እኔ በበኩሌ ለተመለሰው ሣጥን የመጓጓዣ ወጪ እንዲከፈል አስፈቀድሁ። አቅራቢው ገንዘቡን ተቀብሎ ፈረመ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዕቃ ከማውረዱ በፊት በሩ ላይ አንድ ፎሶሊያ እየሰበረ ለጥበቃው ሳይቀር ማሰማት ልማድ አድርጎታል።