ያልወጣው 43 ሜትር

የባሕር ወለል 45 ሜትር ተቆፍሮ የወጣው ኮር (ከጉድጓዱ ተቆርጦ የሚወጣ ድቡልቡል የድንጋይ ናሙና) 2 ሜትር ግድም ብቻ ነው። የጃፓኗ ቁፋሮ መርከብ ቺክዩ እ.ኤ.አ. በ2010 በኦኪናዋ ገንዳ፣ ሰሜን ኢሄያ ላይ፣ ከትልቁ የፍልውሃ ጭስ ማውጫ (ፍልውሃ ከወለሉ የሚወጣበት የማዕድን ዓምድ) ሥር ከቆፈረቻቸው ጉድጓዶች የአንዱ ውጤት ይህ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለወጣው ዚንክ የበዛበት ጥቁር ማዕድን ነው። እኔ ግን ያልወጣው 43 ሜትር ከሐሳቤ አልጠፋ ብሎኛል።

የሚጠፋበት ምክንያት ግልጽ ነው። በጭስ ማውጫው ሥር ቢቱን (የመቆፈሪያውን ጫፍ) ደግፎ የሚያስጀምር ወፍራም ደለል የለም፤ ያለው ስብርባሪ ሰልፋይድ (ድኝ ከብረታ ብረት ጋር የተዋሃደበት ማዕድን)፣ ሸክላ አፈርና አንሃይድራይት (የካልሲየም ሰልፌት ማዕድን) ነው። ቢቱ ከጠንካራው ድንገት ወደ ልሙ ሲገባ ኮሩ ይሰበራል። አንድ ስባሪ በኮር መያዣው አፍ ከተቀረቀረ ከዚያ በኋላ የሚቆፈረው ሁሉ ተፈጭቶ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ግድግዳው ተንዶ ዘንጉን ሲይዘው ደግሞ ለማላቀቅ ፓምፑን ያጠነክራሉ፤ ያኔ ልሙ ክፍል ይታጠባል። ስለዚህ ኪሳራው በዕጣ የሚደርስ አይደለም፤ ጠንካራው ይተርፋል፣ ልሙ ይሄዳል። ከተረፈው ብቻ የብረቱን መጠን ያሰላ ሰው መሬት ውስጥ ያለውን ሳይሆን ቢቱ የመረጠለትን ነው የሚያሰላው።

አንሃይድራይት ለብቻው መታየት አለበት። ከብዙ ማዕድናት በተቃራኒ ውሃው ሲሞቅ ከውሃው ተለይቶ ይጠጥራል፣ ከ150 ዲግሪ ግድም በታች ሲቀዘቅዝ በባሕር ውሃ ይሟሟል። በአትላንቲክ መካከል፣ 3,650 ሜትር ጥልቀት ላይ ባለው ታግ በተባለ የፍልውሃ ማዕድን ጉብታ እ.ኤ.አ. በ1994 አሥራ ሰባት ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ጥልቁ 125 ሜትር ሲሆን በአማካይ የወጣው ኮር ከተቆፈረው 12 በመቶ ገደማ ነበር። ያም ሆኖ ጉብታው ከላይ እስከ ታች ሰልፋይድ እንዳልሆነ፣ ውስጡን ብዙ አንሃይድራይት እንደሚሞላው አሳየ። ጉብታው ሲቀዘቅዝ ይህ ይሟሟና ሰልፋይዱ ይደረመሳል። ዛሬ የምናየው ስብርባሪ ድንጋይ በከፊል የዚህ ውጤት ነው።

ሙቀቱ ሌላ ፈተና ነው። ኢሄያ ላይ የኮሩ ፕላስቲክ ሽፋን በሙቀት ስለቀለጠ በአሉሚኒየም ተተካ፤ ሙቀቱን ለማወቅ ሲግል ቀለሙን የሚቀይር ቁራጭ ወረቀት ሽፋኑ ላይ ለጥፈው አወረዱ። እዚያ የውሃው ጥልቀት 1,000 ሜትር ግድም ነው፤ በዚያ ግፊት ንጹሕ ውሃ 310 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ፍልውሃውም ከ300 በላይ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ የሚገፋው ፓምፕ ከቆመ ጉድጓዱ መልሶ ይግላል፣ በቧንቧው ሽቅብ የሚወጣው ፈሳሽም ግፊቱ ሲቀንስ ሊፈላ ይችላል። ታግ ላይ ፈሳሹ 360 ዲግሪ ቢያልፍም ጥልቀቱ ስለሚጨቁነው አይፈላም። ኮሩ መርከብ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይለቃል። ጋዙ ሳይለካ፣ ጭንብል ሳይደረግ መያዣው መከፈት የለበትም፤ መጠኑ ሲበዛ አፍንጫ ማሽተት ስለሚያቆም በአፍንጫ መተማመን ነፍስ ያስከፍላል።

ኬሲንግ (ግድግዳውን የሚደግፍ ቧንቧ) የገባባቸው የኢሄያ ጉድጓዶች ከቁፋሮው በኋላ ራሳቸው ፍልውሃ ማፍለቅ ጀመሩ፤ አፋቸው ላይም አዲስ የማዕድን ቁልል በፍጥነት አደገ። ለጥናት የተከፈተ ጉድጓድ የፈሳሹን መንገድ ይለውጣል ማለት ነው። ይህን ሳልዘነጋ ነው ቁፋሮውን የምደግፈው።

የጠፋውን ኮር በከፊል የሚተካ ዘዴ አለ። ከቢቱ ኋላ መለኪያ አስሮ እየቆፈሩ መለካት ይቻላል፤ ቺክዩ እ.ኤ.አ. በ2014 ኦኪናዋ ላይ አድርጋዋለች። ሰልፋይድ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያስተላልፋል፣ የተፈጥሮ ጋማ ጨረሩም ዝቅተኛ ነው፤ ፖታሲየም የበዛበት ሸክላ አፈር ግን ጋማው ከፍ ይላል። የኤሌክትሪኩና የጋማው ልኬት መስመሮች ጎን ለጎን ሲነበቡ ኮር ባልወጣበት ሜትር ምን እንዳለ ይጠቁማሉ። የባሕሩ ወለል ላይ የሚቀመጥ ሪግም (የቁፋሮ ማሽን) ማዕበሉ ከሚያነሳው ከሚጥለው መርከብ የተሻለ ቢቱን ያረጋጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ታግ አካባቢ የቀዘቀዙት ጉብታዎች በእንዲህ ዓይነት ሪግ ሲቆፈሩ፣ ሰልፋይዱን እንደ ክዳን ከባሕር ውሃ የሚጠብቅ የጃስፐር (ቀይ፣ ሲሊካ የበዛበት ጠንካራ ድንጋይ) ንጣፍ ተገኘ። ኮር ባልወጣበት ሜትር ላይ ግን የላይኛውንና የታችኛውን ናሙና አማካይ ሞልቶ ቶን ማስላት አልቀበለውም። መዝገቡ ላይ ባዶ ይተው፣ ከጎኑም የጋማው መስመር ይሰመር።