የአባዬ ማሳ በአምስት ድንጋይ

ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ ጎጆ ሊወጣ ነው። አባዬ ደብረ ብርሃን አጠገብ ካለችው የገብስ ማሳ እኩሌታውን ሊሰጠው አስቧል። ግን ስንት ናት? በገመድ የለካት ሰው ርዝመቷን 80፣ ወርዷን 70 ሜትር ብሎ አባዛና 5,600 ካሬ አላት። አባዬ ራሱን ነቀነቀ። «ጥማድ ተኩል እንኳ አትሞላም። ስንት ዘመን ያረስኳት አይደለች?»

ማሳዋ አራት ማዕዘን አይደለችም። በላይ በኩል ዐለቱ ወደ ውስጥ ገብቶባታል።

ቅዳሜ ጠዋት አመዳዩ ሳይረግፍ ወጣን። አባዬ ከፊት፣ እኔ ስልኬን ይዤ ከኋላ። በየወሰን ድንጋዩ እየቆምን በስልኩ ቦታ ጠቋሚ (ጂፒኤስ) አምስት ነጥብ ያዝን። ስልክ ጥቂት ሜትር ይስታል፤ ስለዚህ በሜትርም አመሳከርን። የመጀመሪያውን ድንጋይ ዜሮ፣ ዜሮ አደረግሁት። ስፋቱ በዚህ አይለወጥም፤ ሂሳቡ ግን በጣም ይቀላል። ከእሱ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን በሜትር ሲቆጠር ሌሎቹ (70፣ 10)፣ (80፣ 60)፣ (40፣ 45) እና (10፣ 70) ሆኑ።

ከዚያ ማባዛት ነው። የአንዱን ድንጋይ ምሥራቅ በቀጣዩ ሰሜን፤ ከዚያ ላይ የቀጣዩን ምሥራቅ በአንዱ ሰሜን አባዝቶ መቀነስ። ብዜቱ ስለሚመሳቀል የጫማ ማሰሪያ ቀመር ይሉታል። ጀርመናዊው ማይስተር በ1769 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። እያንዳንዱ ውጤት የአንድ ሦስት ማዕዘን እጥፍ ነው። ለዚህ ነው መጨረሻ ላይ ለሁለት የሚካፈለው።

መጀመሪያ 3,275 መጣልኝ። ነጥቦቹን ለአባዬ ሳነብለት አስቆመኝ። «ዐለቱ ጋ ቀድመህ ደረስክ እኮ!» እውነቱን ነው፤ ሦስተኛውንና አራተኛውን አቀያይሬ ጽፌያለሁ። ቅደም ተከተሉ ሲዛባ 200 ካሬ ጠፋ። የወንድሜ መሬት ነውና ደነገጥኩ።

አስተካክዬ ደገምኩት። 3,400፣ 1,200፣ 2,350፤ ዜሮው ድንጋይ ያለባቸው ሁለቱ ባዶ ናቸው። ድምሩ 6,950፣ እኩሌታው 3,475 ካሬ ሜትር። ጥማድን በሩብ ሄክታር ብንይዘው 1.39 ጥማድ ነው። አባዬ ልክ ነበር።

ከመጀመሪያው ድንጋይ እስከ ሦስተኛው ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር ማሳዋ 1,700 እና 1,775 ትሆናለች። እኩል እንድትሆን መስመሩ ሦስተኛው ድንጋይ ጋ ወደ ዐለቱ 2.7 ሜትር ያህል መጠጋት አለበት። በሜትር ለካን። አባዬ ከዐለቱ ሥር አንድ ድንጋይ አንከባሎ እዚያው ተከለው።