የመስኮቱ ፈተና

ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄዱ ሚኒባሶች ውስጥ «ጂኦሎጂ ማስተማር ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ቢለጠፍ ብዙ መስታወት ይተርፍ ነበር።

መዘዞ ላይ በርኖስ የደረቡ አባት ተሳፍረው አጠገቤ ተቀመጡ። ከጉያቸው ጨርቅ አውጥተው ሲፈቱት እንቁላል የሚያካክሉ ቡናማ ድንጋዮች ብቅ አሉ። «ኦፓል ነው፤ አዲስ አበባ ልሸጠው ነው» ብለው ሹክ አሉኝ። ሹክሹክታቸው ሾፌሩ ዘንድ ደረሰ። ቅዠት ነው እንዳይባል፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ ኦፓል የተባለውን የኢትዮጵያ የከበረ ድንጋይ ለዓለም ገበያ ያስተዋወቀው ይኸው አካባቢ ነው።

እኔ ደግሞ መምህር ነኝ፤ ድንጋይ እያዩ ዝም ማለት አልችልበትም። «አባቴ፣ ድንጋይ በመልኩ ብቻ አይለይም። ሞስ የተባለ ጀርመናዊ በ1812 የጥንካሬ ደረጃ አውጥቷል፤ ታልክ 1፣ አልማዝ 10። መስታወት 5 ተኩል ገደማ፣ ኳርትዝ ግን 7 ስለሆነ መስታወትን ይጭራል» አልኳቸው።

ጭርርር!

«ጫረ!» አሉ በደስታ። ከኋላ የነበሩት እናት «እስቲ ለእኔም» ብለው አንዱን ተቀበሉ፤ ወጣቶቹም ተከተሉ። ጣርማ በር ሳንደርስ ከሾፌሩ ፊት ካለው በቀር ያልተፈተነ መስታወት አልነበረም። መኪናው ዳር ያዘ።

«ማን ነው ያስተማራቸው?»

በሥነ ምግባር ትምህርት እንኳ እንዲህ ያለ አንድነት አይቼ አላውቅም፤ ጣት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

አባት ጨዋ ናቸው፤ «በአንድ ኦፓል እንካስ» ብለው ለሾፌሩ ድንጋይ ዘረጉ። እዚህ ላይ ዝም ብል ነገሩ ያልቅ ነበር። «ይህ እንኳ ኦፓል አይመስለኝም» አልኩ። «ሁለቱም ሲሊካ፣ ማለትም የአሸዋን ዋና ንጥረ ነገር፣ የተሸከመ ውሃ በእሳተ ገሞራ ዐለት ቀዳዳ ውስጥ ሲጠራቀም የሚፈጠሩ ናቸው። ግን ኦፓል ውሃ ያዘሉ ደቃቅ ሉሎች ክምችት ነው፤ ክሪስታል ስለሌለው በጥብቁ መስፈርት ማዕድን እንኳ አይባልም።»

አባት ተቆጡ። «ኦፓል ሸጬ የገዛሁት በሬም በሬ አይደለም በለኛ!»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናወጠ። አሁንም ቢሆን ትክክል ነኝ፤ ነገር ግን በደጋ ብርድ መንገድ ዳር ለቆመ ሰው ትክክል መሆን አያሞቅም።

«ታዲያ ይህ ምንድን ነው?» አለ ሾፌሩ።

«ኬልቄዶን ይመስላል። የኳርትዝ ወገን ነው፤ በጣም ደቃቅ ክሪስታሎች አሉት።»

አባት ደነገጡ። «በዮሐንስ ራእይ ላይ ያለው? የከተማይቱ ቅጥር ሦስተኛው መሠረት?»

«ስሙስ እሱው ነው።»

ድንጋዩን ከሾፌሩ እጅ መንጭቀው በርኖሳቸው ውስጥ ከተቱት። «የመንግሥተ ሰማያትን መሠረት ለመኪና መስኮት አልሰጥም! መምህሩ ይክፈል።»

ተሳፋሪው በአንድ ድምፅ አጸደቀ። ከፈልኩ። ረዳቱ ብሬን ተቀብሎ ሐሰተኛ እንዳይሆን ወደ ብርሃን አንስቶ ያገላብጠው ጀመር።

«ምን ያደክምሃል ልጄ፣» አሉት አባት፣ «መስታወቱን ጫር አድርግበት።»