እምዬ ዛሬ የጠየቀችኝ

ሐምሌ ሲገባ እንዲህ ያደርገኛል፣ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ያመመኝ ነገር የለም፣ የተጣላሁትም ሰው የለም፣ ብቻ ከጠዋት ጀምሮ እያካፋ፣ ጉሙ ጎንደር ፒያሳ ድረስ ወርዶ፣ ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። ከስራ ስወጣ ባጃጅ ጠፋ፣ የግንቡ አጥር ጥግ ቆሜ ስጠብቅ "ግን ይሄ ሁሉ ለምንድነው?" የሚል ነገር መጣብኝና እስካሁን አለቀቀኝም።

እምነት የለኝም እያልኩ አይደለም። ሰው የተፈጠረው ስሙን ቀድሶ ክብሩን ሊወርስ ነው ተብዬ ነው ያደግኩት፣ አምናለሁም። ግን እሱ ለሰው ልጅ ሁሉ የተሰጠ መልስ ነው። እኔ፣ እዚች ከተማ፣ ይችን ስራ እየሰራሁ፣ ወር እየቆጠርኩ የምኖረው ለምንድነው ስል የሚመልስልኝ የለም።

ግንቡ እንኳን ሲሰራ ጉዳይ ነበረው። ፋሲል በፈረንጅ 1636 ጎንደርን ሲቆረቁር ንጉሥ ሊኖርበት፣ ግብር ሊበላበት ነው የታነፀው። ከዛ ቴዎድሮስ ከተማዋን አዘረፏት፣ በፈረንጅ 1888 ደርቡሽ መጥቶ አቃጠላት፣ ጣሊያን ግንቡን ቢሮ አደረገው፣ እንግሊዝ በቦምብ መታው። ዛሬ ንጉሥም የለበት ግብርም የለበት፣ የተሰራለት ጉዳይ ካለቀ ስንት ዘመኑ፣ እሱ ግን አለ። ድንጋዩን በኖራ ሲያያይዙ የዋሉት ሰዎችስ? እኛ ታሪክ ሰሩ እንላለን፣ እነሱ ምናልባት ያሰቡት የዛን ቀን እንጀራቸውን ነው። ትርጉሙን ዘግይተን መጥተን የሰጠናቸው እኛ ነን። እና እኔም የሆነ ሰው ከመቶ አመት በኋላ መጥቶ ትርጉም እስኪሰጠኝ ልጠብቅ? አያጽናናኝም ይሄ፣ እኔ ማወቅ የምፈልገው አሁን ነው።

ቤት ስገባ እምዬ መደቧ ላይ ቁጭ ብላለች። አይኗ ከደከመ ወዲህ መፍተል ትታለች፣ ግን አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ አሁንም ይፈትላሉ፣ እንዝርት የለ ጥጥ የለ፣ ጉልበቷ ላይ ባዶውን ያሾራሉ። የዚህን ቤት ሰው ሁሉ ጋቢ ያለበሰች ሴት ናት። ጉልበቷን ስሜ አጠገቧ ቁጭ እንዳልኩ፣ ሰው የነገራት ይመስል፣ "ልጄ፣ ጓደኞቼ ሁሉ አልቀው እኔን እግዜር ለምን ይሆን ያቆየኝ? ምን ልሰራለት?" አለችኝ።

"ለኛ ነዋ እምዬ!" አልኳት ወዲያው።

እውነቴን ነው። እኔ ከእሷ ምንም ስራ አልፈልግም። "አንቺ ልጅ፣ እህል ቀመስሽ?" ትበለኝ እንጂ ሌላ ምን አደርጋለሁ፣ መደቡ ባዶ ሆኖ ባገኘው ይሄ ቤት ለእኔ ቤት አይሆንም። ደስ አለኝ እንዲያውም፣ መልሱን ያገኘሁት መሰለኝ፣ ሰው ለመኖሩ ምክንያት አያስፈልገውም፣ መኖሩ ራሱ ይበቃል ብዬ።

አሁን ተጋድሜ ሳስበው ግን ያ የእኔ መልስ ነው። መኖሯ ለእኔ በቃኝ፣ እሷን ቢበቃት ኖሮ መች ትጠይቀኝ ነበር? ያቺ ጣቷ እኮ አሁንም ስራ እየፈለገች ነው። ሰው ስለተወደደ ብቻ መኖር ይችላል ወይስ በገዛ እጁ የሚይዘው ነገር የግድ ያስፈልገዋል? እምዬን አውቃታለሁ፣ ነገም መጠየቋ አይቀርም። ያኔስ "ለኛ ነው" ብዬ ልደግምላት ነው?