እንቁላሉ አልንሳፈፍ ያለኝ ቀን

ድሬዳዋ ውስጥ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ስለ መንሳፈፍና መስመጥ የማስተምር ቀን ከቤት ጆግ፣ እንቁላልና ጨው ይዤ ሄድኩ። «ቀላል ነገር ይንሳፈፋል፣ ከባድ ነገር ይሰምጣል» ብዬ ከመጀመሬ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች፦ «ቲቸር፣ ጅቡቲ የሚቆመው መርከብ ከጠጠር ይቀላል እንዴ?»

ልክ ነበረች። ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ። ወሳኙ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ክብደቱ ከያዘው ቦታ ስፋት ጋር ሲነጻጸር ነው፤ እፍግታ የምንለው እሱን ነው። እፍግታው ከውሃው ያነሰ ነገር ይንሳፈፋል፣ የበለጠ ይሰምጣል። ለመርከቡ ብረቱ ብቻ ሳይሆን ሆዱ ውስጥ ያለው አየርም አብሮ ይቆጠርለታል።

ጨው የውሃውን እፍግታ ጨምሮ እንቁላሉን እንዲያንሳፍፍ ያሰብኩት ሙከራም አልሆነልኝም። አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሬ አማሰልኩ፤ እንቁላሉ ቁልቁል ወርዶ ቁጭ አለ። ማታ ሳሰላው የጨመርኩት 50 ግራም ገደማ ነው፣ ማለትም በሊትር 33 ግራም ያህል፣ ከባሕር ውሃ ብዙም ያልራቀ። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ እፍግታው በሚሊሊትር 1.025 ግራም ያህል ነው። የትኩስ እንቁላል እፍግታ ግን 1.08 አካባቢ ስለሆነ ባሕር ውስጥም ይሰምጣል። ከውቅያኖስ አሥር እጥፍ ገደማ ጨው ባለው በጅቡቲው አሳል ሐይቅ ላይ ግን ይንሳፈፋል።

በሁለተኛው ቀን ውሃውን ወደ ግማሽ ሊትር ቀነስኩ። ሌላ ገዝቼ የመጣሁት እንቁላል ግን ጨው ሳልጨምር ተንሳፈፈ! ከሱቅ ስገዛው ቆይቶ ኖሯል። እንቁላል ሲሰነብት እርጥበቱ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ይወጣና አየር ይተካዋል፤ መጠኑ ሳይለወጥ ክብደቱ ይቀንሳል። በድሬ ሙቀት ይሄ ይፈጥናል። ተማሪዎቹ ይህን ከእኔ ቀድመው አወቁት፤ እናቶቻቸው እንቁላል የሚፈትኑት ውሃ ውስጥ እየከተቱ ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን እንቁላል መጀመሪያ በንጹህ ውሃ ሳልፈትን ክፍል አልገባም።

በትኩስ እንቁላል ተክተን ጨዉን በማንኪያ በማንኪያ ጨመርን፣ በየመሃሉ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ እያማሰልን። አራተኛው ላይ ከታች ተነቃነቀ፤ አምስተኛው ላይ ጫፉ ብቅ አለ። ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ።

ቢሆንም «ውሃው ከበደ» ስላቸው ዝም ብለው እንዲያምኑኝ አልፈለግኩም። ቀፊራ ገበያ አንድ ቅመም ሻጭ ሚዛኑን አዋሰኝ። ያንኑ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ በየተራ እስከ ምልክቱ ሞልተን፣ የጠርሙሱን ክብደት እየቀነስን መዘንን፦ የቧንቧ ውሃ 500 ግራም፣ የምግብ ዘይት 460፣ የጨው ውሃ 550 አካባቢ። ያው ጠርሙስ፣ ያው ቦታ፣ ሦስት ክብደት። እፍግታን በቀመር ሳስረዳ ከኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ይህች ሚዛን በለጠች። ዛሬ ብጀምር ከእንቁላሉ በፊት ሚዛኑን አስቀድማለሁ።

በመጨረሻ የጨው ውሃው ላይ ንጹህ ውሃ በማንኪያ ጀርባ ቀስ ብለን አንቆረቆርን። መጀመሪያ ቸኩዬ ስለነበር ተደባልቆብኝ ነበር፤ ሁለተኛውን ያቺው የመርከቧ ልጅ አደረገችው፣ እጇ ከእኔ ይረጋል። እንቁላሉ ከላይኛው ውሃ ሰምጦ፣ ከታችኛው ላይ ተንሳፍፎ፣ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጆጉን መስኮቱ አጠገብ ትተነው ሄድን። በማግስቱ ጠዋት ተማሪዎቹ ደወል ሳይደወል ከበውት አገኘኋቸው፤ እንቁላሉ አሁንም መሃል ላይ ነበር።