ኦቨን የሚፈልገው ሌሊት ነው

ከበዓል ማግስት የኦቨን በር ሲከፈት የሚታየው ያው ነው። የአሮስቶው ስብ ጣሪያው ድረስ ተረጭቷል፤ ከትሪ የፈሰሰው ዘይት ወለሉ ላይ ጠቁሯል፤ መስታወቱ ቡናማ ሆኖ ውስጡ አይታይም። ያኔ ብዙ ሰው የሽቦ መፈግፈጊያ ያነሣና ክንዱ እስኪዝል ይፈትጋል። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ያ ሁሉ ድካም ስለሚቆጨኝ ነው። ድካሙ አያስፈልግም፤ ዕቃውንም ይጎዳል።

ነገሩ የሚገባው ቆሻሻው ምን እንደሆነ ሲታወቅ ነው። ኦቨን ውስጥ ያለው ቡናማ ሽፋን ድሮ ዘይት ነበር፤ አሁን ግን ዘይት አይደለም። ዘይት ሙቀትና አየር ሲፈራረቁበት ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተያይዘው እንደ ቫርኒሽ ይደርቃሉ። ሠዓሊዎች ቀለማቸውን በተልባ ዘይት የሚለውሱት ለዚሁ ባሕርይው ነው። የኑግና የሱፍ ዘይትም ከዚያው ወገን ናቸው፤ ጠንክረው ይጣበቃሉ። ፓልም ዘይትና ቅቤ ግን እንደዚያ ስለማይያያዙ ለስለስ ብለው ይቆያሉ፤ አብዛኛው በሞቀ ውሃና በላርጎ ይነሣል። ስለዚህ በኑግ ዘይት የሚጋግርና የሚጠብስ ቤት ኦቨኑ ቶሎ ቢጠነክርበት የባለቤቷ ስንፍና አይደለም፤ የዘይቱ ጠባይ ነው።

ሌላው ቆሻሻ ከኬክ ወይም ከፍራፍሬ የፈሰሰ ስኳር ነው። ገና ካራሜል ሳለ ሙቅ ውሃ ብቻ ያሟሟዋል፤ አንዴ ከሰል ከሆነ በኋላ ግን ምንም አይፈታውም፤ ከሥሩ ርሶ እስኪለቅ መጠበቅ ነው።

ቫርኒሹን የሚፈታው አልካሊ ነው፤ ቅባትን ወደ ሳሙናነት የሚለውጥ ነገር ማለት ነው። እናቶቻችን ድስት በአመድ ሲያሹ የሚሠራላቸው ይኸው ነበር፤ የእንጨት አመድ ውስጥ ፖታሲየም ካርቦኔት አለ። አመድን ለፍርግርግ እቀበላለሁ፤ ለኦቨኑ ውስጥ ግን አልመክርም። ከአመዱ ጋር የሚገኘው ደቃቅ አሸዋ ኢናሜሉንም፣ ማለትም የኦቨኑን ብረት ከውስጥ የሸፈነውን አንጸባራቂ ልባስ፣ መስታወቱንም ይጭራል። ከየሱቁ የሚገኘው ለዘብ ያለ አልካሊ ቤኪንግ ሶዳ ነው። ቤኪንግ ፓውደር ግን ሌላ ነው፤ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው። ፓውደሩ ሶዳ ቢኖረውም አሲድና ስታርች ተቀላቅሎበታል፤ ውሃ ሲነካው ሶዳውና አሲዱ እርስ በርስ ተጠፋፍተው ያልቃሉ፤ የሚቀረው ሊጥ መሳይ ነገር ነው። ማሸጊያው ላይ ሶዳ ወይም ሶዲየም ባይካርቦኔት የሚል ጽሑፍ መኖሩን አይቶ መግዛት ነው።

ሥራው ማታ ከእራት በኋላ ይጀመራል። ኦቨኑ ይቀዝቅዝ፤ ከሶኬት ይነቀል፤ በቀጥታ ከግድግዳ የታሰረ ከሆነ ብሬከሩ ይውረድ። የጋዝ ከሆነ የሲሊንደሩ ቫልቭ ይዘጋ። ፍርግርጎቹ፣ ትሪዎቹና የሚወጡ ከሆነ የጎን ሐዲዶቹም ይውጡ። የረገፈው ፍርፋሪና ከሰል በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ፤ ካልተጠረገ ሶዳው የሚያርሰው ፍርፋሪውን ነው። ቀጥሎ በሞቀ ውሃና በላርጎ የራሰ ጨርቅ ሁሉንም አንዴ መዞር አለበት። ላይኛው ለስላሳ ቅባት ሳይነሣ ሶዳ ቢቀባበት ከታች ያለውን ቫርኒሽ ሳይነካው ያድራል። ሶዳ ሞክሬ አልሠራም የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የዘለለው ይህችን ነው።

ልኩን በቡና ሲኒ እንያዘው፤ 3 ሲኒ ሶዳ፣ 1 ሲኒ ውሃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ላርጎ። ውሃው ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ይማሰላል፤ እንደ ጥርስ ሳሙና ሲሆን ይበቃል። ከቀጠነ ከግድግዳው እየወረደ ወለሉ ላይ ይጠራቀምና ጣሪያው ባዶውን ያድራል። ከወፈረ ቶሎ ይደርቃል። የደረቀ ሶዳ ደግሞ ሥራ አቁሟል፤ አልካሊ ቅባት የሚፈታው እርጥብ እያለ ብቻ ነውና። በአዲስ አበባ የበጋ አየር ሳይነጋ ድርቅ ይላል። ስለዚህ 3 ሚሊ ሜትር ያህል አወፍሮ መቀባት፣ ወለሉ ላይ የራሰ ጨርቅ ወይም የተቀደደ ፌስታል ማልበስ፣ ከዚያ በሩን ዘግቶ መተኛት ነው። ፌስታሉን ጠዋት ማውጣት ግን እንዳይረሳ፤ ኦቨኑ ቢለኮስበት ቀልጦ ከቆሻሻው የባሰ ነገር ይሆናል።

የማይቀባባቸው ቦታዎች አሉ። ማሞቂያው ኤለመንት፣ የማራገቢያው ቀዳዳ፣ አምፖሉና የጋዙ ቀዳዳዎች አይነኩም። የበሩ ጎማም አይቀባ፤ በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ጠረግ ቢደረግ በቂው ነው፤ ከተፈተገ ይተረተርና ሙቀት ያስወጣል። ብዙ ኦቨን ውስጥ ከግድግዳው ወይም ከጣሪያው ጋር የተያዘች ቀጭን የብረት ዘንግ አለች፤ ሙቀቱን የምትለካው እሷ ናት። በጽዳት ጊዜ ተጎትታ ከማቀፊያዋ ከወጣች ወይም ከታጠፈች ኦቨኑ ሙቀቱን ይስታል። በሳምንቱ ዳቦው ሲያርር ደግሞ ጽዳቱን የሚጠረጥር የለም።

ከ10 እስከ 12 ሰዓት ከቆየ በኋላ ጠዋት ሶዳው ቡናማ ሆኖ ይገኛል። ያረጀ የባንክ ካርድ ጥሩ መፋቂያ ነው፤ ጠርዙ ስለት የለውም፣ ጥግ ጥጉ ድረስም ይገባል። ተፍቆ የሚነሣው ከተነሣ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ እየተጨመቀ 3 ወይም 4 ጊዜ ይጠረግ። ውሃ በባልዲ አይደፋበትም፤ ከኋላ ወደ ኤሌክትሪክ ገመዶቹ ይገባል።

አቼቶ የሚመጣው አሁን ነው፣ ከዚህ በፊት አይደለም። ሶዳና አቼቶ አንድ ላይ ሲደፉ ስለሚንጨረጨሩ ሰው ኃይለኛ ነገር የተፈጠረ ይመስለዋል። እውነቱ ግን አሲዱና አልካሊው ተጠፋፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ቅባት የማይፈታ ጨው ብቻ መቅረቱ ነው። ሁለት ጥሩ ነገር በአንድ ጊዜ ማባከን ነው። የአቼቶ ሥራ የመጨረሻው ነጭ የሶዳ ቅሪት ላይ ነው። 1 እጅ አቼቶ በ1 እጅ ውሃ ቀጥኖ በጨርቅ ይታበሳል፤ በተረፈበት ቦታ ትንሽ አረፋ ይታያል፤ በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ይጠረጋል። ሎሚም እንደዚሁ ነው፤ ሽታ ይቀንሳል እንጂ የደረቀ ዘይት አይፈታም። አሲድ ኢናሜል ላይ ማሳደርም ጥሩ አይደለም፤ ወዙን ያደበዝዘዋል።

ከአንድ ሌሊት በኋላ የማይለቅ ጥቁር ቦታ ቢቀር የሚሻለው እንደገና ቀብቶ ማሳደር ነው። የብዙ ዓመት ከሆነ ግን ጠንከር ያለ አልካሊ ያስፈልገዋል፤ እሱም ከዚያው ሶዳ ይሠራል። 250 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በብርጭቆ ወይም በማይዝግ ብረት ትሪ ላይ ስስ ተደርጎ ይዘረጋና በ200 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ1 ሰዓት ይቆያል፤ መሐል ላይ አንዴ ይታመሳል። ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥቶለት 160 ግራም ገደማ ሶዲየም ካርቦኔት ይቀራል፤ ከሶዳው ይልቅ እጅግ የበረታ አልካሊ ነው። ጓንት ሳይደረግ አይነካም፤ ምግብ ውስጥም አይገባም፤ ስለዚህ በክዳን ማሰሮ ተቀምጦ ስሙ ይጻፍበት። 2 የሾርባ ማንኪያ በ1 ሊትር ሙቅ ውሃ ይሟሟና ጨርቅ ተነክሮ እጥቁሩ ቦታ ላይ ለ1 ሰዓት ይለጠፋል። ቦታው አሉሚኒየም ከሆነ ግን እንዳይሞከር፤ ወዲያው ይጠቁራል።

ፍርግርጎቹን ኦቨን ውስጥ እንዳሉ ማጽዳት ከንቱ ልፋት ነው። ትልቅ ሳፋ ውስጥ አሮጌ ፎጣ ተነጥፎ፣ ሙቅ ውሃና ሁለት እፍኝ የዱቄት ሳሙና ተጨምሮ ያድሩ። የዱቄት ሳሙና ባብዛኛው ሶዲየም ካርቦኔት አለው፤ ጓንት ለዚህም ያስፈልጋል። የሽቦ መፈግፈጊያ ቦታው እዚህ ነው፤ ለፍርግርግ ብቻ። አሉሚኒየም ትሪ ግን ከእነሱ ጋር አይዘፈዘፍም።

መስታወቱ ላይ ላስረዝም፤ ጉዳት የሚደርሰው እዚያ ነውና። የኦቨን በር መስታወት በሙቀት የተጠናከረ ነው። የሽቦ መፈግፈጊያ የሚተውለት ጭረት ከመልኩ ያለፈ ነገር ያበላሻል፤ መስታወቱ በዚያ መሥመር ይደክማል፣ አንድ ቀን ሲግል በድንገት ሊፈረካከስ ይችላል። ሶዳው በ30 ደቂቃ ውስጥ ብዙውን ያነሣል። የቀረችውን ነጠብጣብ ጠፍጣፋ የምላጭ መፋቂያ፣ መስታወቱ እርጥብ ሳለ፣ ተኝቶ እየተገፋ ያነሣታል፤ በደረቁ አይሞከርም።

በሁለቱ መስታወቶች መካከል የሚታየው የወረደ ቅባት ሰውን በጣም ያናድዳል። የሚገባው በበሩ የላይኛው ወይም የታችኛው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ከታች ከሆነ የሚታጠፍ ሽቦ ጫፍ ላይ እርጥብ ጨርቅ በደንብ ታስሮ ወደ ውስጥ ሊላክ ይችላል። ካልሆነ በሩ ይወልቃል። በብዙ ኦቨን ማጠፊያዎቹ ላይ ትንንሽ መቆለፊያዎች አሉ። በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሁለቱም ይገለበጣሉ፤ ከዚያ በሩ ግማሽ ድረስ ተዘግቶ በሁለት እጅ ወደ ላይና ወደ ፊት ይነሣል። ከባድ ነው፤ ሁለት ሰው ቢሆን መልካም ነው። መቆለፊያው ሳይገለበጥ ከተጎተተ የማጠፊያው ስፕሪንግ ተፈናጥሮ ጣት ይቀጠቅጣል። ብርድ ልብስ ላይ ተኝቶ ብሎኖቹ በካቻቢቴ ሲፈቱ መስታወቶቹ ይለያያሉ። ሳይፈታ በስልክ ፎቶ ማንሣት ይጠቅማል፤ የትኛው ገጽ ወደ ውስጥ እንደሚዞር ኋላ ይረሳልና።

የጋዝ ኦቨን ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ከሆነና ድስት ካጠቆረ ብዙ ጊዜ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል። ቀጭን መርፌ ቀዳዳውን ሳያሰፋ ይከፍተዋል፤ የጥርስ እንጨት ግን ውስጡ ተሰብሮ ይቀራል። ከጽዳት በኋላ ቫልቩ ሲከፈት ማያያዣዎቹ ላይ የሳሙና አረፋ ይቀባ፤ የሚነፋ ካለ ጋዝ ይወጣል፤ አይለኮስ።

ከሱፐርማርኬት የሚገዛው የኦቨን ስፕሬይ ባብዛኛው ኮስቲክ ሶዳ የሚባል ብርቱ አልካሊ ነው። በእርግጥ ይሠራል፤ በግማሽ ሰዓት የአንድ ሌሊቱን ሥራ ይሠራል። ነገር ግን ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ አሉሚኒየም ይበላል። ጓንትና መነጽር ተደርጎ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ልጆች ርቀው ካልሆነ አልደግፈውም። በረኪና ደግሞ ለኦቨን ምንም አይጠቅም፤ ቅባት አይፈታም። ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋርም ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል። ጭንቅላትን አስገብቶ በሚሠራበት ጠባብ ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖች ራሱን የሚያጸዳ ኦቨን ይኖራቸዋል። ያ ኦቨን ወደ 500 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ቆሻሻውን ወደ አመድ ይለውጠዋል። ከዚያ በፊት ፍርግርጉ ይውጣ፤ ወፍራሙ ቅባት በእጅ ይጠረግ፤ አለበለዚያ ጭሱ ቤቱን ይሞላዋል። የቤት ወፍ ካለ ከቤት ይውጣ፤ ጭሱ ይገድለዋል። በፋሲካ ዋዜማ ግን ባይሞከር ይሻላል፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት የበሩ መቆለፊያ ወይም ፊውዙ ሊበላሽ ይችላል፤ ዶሮውም ድፎውም ውጭ ይቀራል። ግድግዳው ሲዳሰስ እንደ አሸዋ ወረቀት የሚሻክር ከሆነ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፤ ያ ሽፋን አይታጠብም፣ ሶዳም አይቀባም። ባዶውን በከፍተኛ ሙቀት 1 ሰዓት ሲግል ቅባቱን ራሱ ያቃጥላል።

ለየሳምንቱ እንፋሎት ይበቃል። ሙቀት የሚችል ሳህን ላይ ግማሽ ሊትር ውሃ ተደርጎ ኦቨኑ በ150 ዲግሪ 30 ደቂቃ ይቆይ፤ ጠፍቶ ለብ ሲል ይጠረግ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከባሕር ጠረፍ አገሮች መመሪያ 10 ደቂቃ መጨመር አይከፋም።

ጽዳቱ ሲያልቅ ኦቨኑ በሩ ተከፍቶ ጥቂት ሰዓት ይናፈስ፣ ከዚያ ባዶውን በ150 ዲግሪ 20 ደቂቃ ይሙቅ። ሲሰካ ብሬከሩ ከወረደ ብዙውን ጊዜ እርጥበት ነው፤ ተነቅሎ አንድ ቀን ይድረቅ፤ ደርቆም ከደገመ ኤሌክትሪሽያን ይጠራ። ለቀጣዩ አሮስቶ ወለሉ ላይ ፎይል የሚያነጥፉ አሉ፤ ፎይሉ ሙቀት ያፍናል፣ ከኢናሜሉም ጋር ቀልጦ ሊጣበቅ ይችላል። በእሱ ፋንታ ከሥጋው በታች ባለው ፍርግርግ ላይ ጥቂት ውሃ ያለበት ትሪ ማስቀመጥ ነው፤ የሚንጠባጠበው ስብ ውሃው ላይ ያርፋል፣ አይጨስም።